ጋዜጣ ሻጩ ገንዳ ውሃ ሲደርስ

የማኔጅመንት ተማሪ ኦፕሬሽንስ ማኔጅመንት የሚባለው ኮርስ ላይ ሲደርስ ከአንድ ጋዜጣ ሻጭ ጋር ይተዋወቃል። ሻጩ ማለዳ ስንት ጋዜጣ ይረከብ? ካበዛ የተረፈው ማታ ተራ ወረቀት ነው፤ ካሳነሰ ገዢው ባዶ እጁን ይመለሳል። መጽሐፉ መልሱን በቀመር ይሰጣል፦ አንድ ጋዜጣ ሲጎድል የሚታጣውን ገንዘብ ውሰድ፤ ሲጎድልና ሲተርፍ በሚታጣው ድምር አካፍለው፤ ምን ያህል መድፈር እንዳለብህ ይነግርሃል።

መተማ አካባቢ ባለችው ገንዳ ውሃ ከተማ በርቀት የሚማሩትን ሳስጠና እዚህ ገጽ ላይ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ከተማሪዎቼ የባንክ ገንዘብ ከፋይ አለ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ አለች፣ የኢንቨስተር እርሻ የሚያስተዳድር ወኪል አለ። ጋዜጣ በየማለዳው ሲሸጥ እያየ ያደገ ግን አንድም የለም። ስለዚህ ጋዜጣውን ትቼ የሰሊጥ አጫጅ አስገባሁበት።

ሰሊጥ ቀጠሮ አይሰጥም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር ከታች ያለው ፍሬ ቀድሞ ይደርሳል፤ ዛላው ከደረቀ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። መሬት የነካውን ጠርገው ቢሰበስቡትም ከአፈርና ከጠጠር ጋር ስለሚመጣ መጋዘን ሲገባ ደረጃው ይወርዳል። መስከረም ሲያልቅና ጥቅምት ሲገባ ከመተማ እስከ ቋራ፣ ከቋራ እስከ ምዕራብ አርማጭሆ ያለው ማሳ በአንድ ጊዜ ሰው ይፈልጋል። ሰው የሚመጣው ደግሞ ከደጋ ነው፤ መቼና ስንት ሆኖ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

እንበል አልኳቸው፤ ቀድሞ መጥቶ ሥራ ያልደረሰለት አንድ ሠራተኛ ምግብና አበል ተደምሮ 400 ብር ያስወጣል። በሰዓቱ ያልተገኘ አንድ ሠራተኛ ደግሞ 3,600 ብር የሚያወጣ ሰሊጥ ያስረግፋል። 3,600ን በ4,000 ስናካፍል 0.9 ይመጣል። ከአሥር ክረምት በዘጠኙ የሚበቃ ያህል ሰው ጥራ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለትምህርት የተፈጠሩ ናቸው፤ አመዛዘኑ ግን እውነተኛ ነው። ባለ እርሻው አብዝቶ ሲጠራ «አባካኝ» የሚሉት ሰዎች ሒሳቡን አልሠሩትም። እሱም በወረቀት አልሠራውም፤ ስንት መኸር ከስሮ ነው የደረሰበት።

ወኪሉ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ይሄ ሒሳብ የመጣው ሰው እንደሚቆይ ነው የሚያስበው» አለኝ። እሱ 50 ሰው አስመጥቶ፣ አብልቶ፣ ማሳ ላይ ካሰፈረ በኋላ ጎረቤቱ በቀን ጥቂት ብር ሲጨምር ግማሹ ሌሊቱን ሊሻገር ይችላል። ጋዜጣ አይኮበልልም። ያን ቀን የተማርነው ከመጽሐፉ የበለጠ ነበር፤ ቀመሩ የሚጠረጥረው ፈላጊውን ብቻ ነው፣ አቅርቦቱን እንደ ቋሚ ይቆጥረዋል። መተማ ላይ ዋናው ጥርጥር ያለው አቅርቦቱ ላይ ነው።

የክፍያ ነገር ከተነሳ ወደ ቴይለር መሄድ ቀላል ሆነ። ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፉ በቀን 12 ቶን ተኩል ብረት ይጭን የነበረ ሠራተኛ እንዴት 47 ቶን እንደጫነ፣ ክፍያውም ከ1.15 ወደ 1.85 ዶላር እንዳደገ ይተርካል። ተማሪዎቼ የሥራውን ብዛትና የክፍያውን ጭማሪ አስተያይተው ሳቁ። ዋናው ነጥብ ግን ብረት ቢጣደፉበትም አለመርገፉ ነው። አጫጅ በቆረጠው ስፋት ልክ ሲከፈለው ይሮጣል፣ ሩጫውም ፍሬውን ያራግፈዋል፤ በቀን ሲከፈለው ደግሞ ጥላ ሥር ይቆያል። የትኛው ይሻላል? ክፍሉ እስከ መጨረሻው አልተስማማም፤ እኔም አልፈረድኩም። የወባና የካላዛር ነገር ሲነሳ ግን ሁሉም አንድ ሆኑ፤ አጎበር ገዝቶ የሚያድል እርሻ፣ የሠራተኛን ስሜት ያጠናው ኤልተን ማዮ ሳይመክረውም፣ ሠራተኛውን ያቆያል።

የአደጋ አስተዳደርና መድን የሚባለውን ኮርስ ማስረዳት እዚህ ድካም የለውም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ውጊያ ሲጀመር ከድንበሩ ማዶ ባለችው ገላባት በኩል የሚሸሸው ሰው የገባው በመተማ ዮሐንስ ነው። መደበኛው የመድን ውል ጦርነትን እንደማይሸፍን ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አልፈለግሁም።

ፈተናውስ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለ መውጫ ፈተና አይገኝም፤ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። ጥያቄው ምርጫ ስለሆነ ተማሪዎች የፋዮልን 14 የማኔጅመንት መርሆች በቃል መያዝ ይቀናቸዋል። ፈተናውን ከሚያማርሩት ወገን አይደለሁም፤ ሞጁል አድሎ ፊርማ ከማሰባሰብ ያለፈ ሥራ የማይሠራበትን የማስተማር ዓይነት አጋልጧል። የሰሊጡ ጥያቄ ግን እዚያ አይመጣም። ባለሙያዋ በግልጽ ጠየቀችኝ፤ «ካልመጣ ለምን እንደክማለን?»

የመለስኩላት ይህን ነው። ቀመሩ እንዲሠራ ያለፉት ዓመታት ቁጥር ይፈልጋል፤ ስንት ሰው ተጠራ፣ ስንት መጣ፣ ስንት በስንተኛው ቀን ሄደ። በአካባቢያችን እርሻዎች መዝገብ ላይ የተከፈለው ብር አለ። የሄደው ሰው የለም፣ የረገፈው ሰሊጥም የለም። ልምዱን ባለ እርሻው ከእኔም ከመጽሐፉም በላይ ያውቀዋል፤ ልጁ እርሻውን ሲረከብ ግን እንደገና ከስሮ ይማረዋል። ማኔጅመንት ተምሮ እዚህ የሚሠራ ሰው በመዝገቡ ላይ ሊጨምር የሚችለው ይህን የጎደለ ዓምድ ነው። ወኪሉን አንድ ደብተር እንዲከፍት አዘዝኩት፤ ሦስት ዓምድ፣ በየማታው አንድ መስመር። የቤት ሥራ ውጤቱን ከዚያ ላይ እሰጠዋለሁ።

የቀረው የጊዜ ሰሌዳው ነው። የማጠናከሪያ ትምህርቱ መርሐ ግብር መስከረምና ጥቅምትን ይይዛል፤ ያን ጊዜ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፣ የባንኩ ልጅ እንኳ የአባቱን ማሳ ሊያይ ይወጣል። ወደ ኅዳር መጨረሻ ይዛወርልን ብለን ጠይቀናል፤ መልስ እስኪመጣ የጋዜጣ ሻጩን ምዕራፍ ከመጽሐፉ ተራ አውጥቼ ነሐሴ ላይ አስተምረዋለሁ፤ ወኪሉ ሠራተኛ መጥራት ከመጀመሩ በፊት።