ድመታችሁ ውሃ ማብዛት ከጀመረች ይህን አንብቡ

ዛሬ ስለ ድመት ነው፤ አትሳቁብን።

ቤት ያለችው አሮጊት ድመት ሰሞኑን ከውሃው ባልዲ አልነሳ ብላለች? ድሮ ስትጠጣ አይታችኋት የማታውቋት አሁን ሳህኑን ሙልጭ ታደርጋለች? አዲስ ቅዳም ላይ ይህን ብታወሩ ብዙ ሰው ጤነኛ ሆና ነው ይላችኋል። በአሮጊት ድመት ላይ ግን ይህ ብዙ ጊዜ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ምልክት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤት ድመት የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው ደረቅ አገር ከለመደው የአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ስለዚህ ጥቂት ትጠጣለች፣ ሽንቷን አወፍራ ታስወጣለች፣ ውሃውን ትቆጥባለች። አብዛኛውን ውሃ የምታገኘውም ከምትበላው ነው፤ የአይጥ ሰውነት ሁለት ሦስተኛ ገደማው ውሃ ነው። ኩላሊት ሲጎዳ ቀድሞ የሚጠፋው ይህ የመቆጠብ ችሎታ ነው። ሽንቷ ይቀጥናል፣ ይበዛል፣ የወጣውን ለመተካት ደግሞ ትጠጣለች። ልብ በሉ፦ ብዙ የምትሸናው ብዙ ስለጠጣች አይደለም፤ ብዙ የምትጠጣው ብዙ ስለሸናች ነው። ቤት አበላሸች ተብሎ ውሃው ከተነሳባት ሊገድላት ይችላል።

ከባዱ ነገር ምልክቱ የሚታየው ከኩላሊቷ ሥራ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከጠፋ በኋላ መሆኑ ነው። የጠፋው አይመለስም። ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት ካለፈ ድመቶች ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸው ይገመታል። ለምን ድመት ላይ እንዲህ በዛ? ጃፓናዊው ተመራማሪ ቶሩ ሚያዛኪ አንድ መልስ አለው። ደም ውስጥ ኤአይኤም የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ኩላሊት ሲጎዳ ቆሻሻው እንዲጠረግ ያግዛል። ድመት ላይ ግን ይህ ፕሮቲን ከሌላ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ሥራውን አይሠራም። በ2021 እ.ኤ.አ. ምርምሩ ገንዘብ አጣ ሲባል የጃፓን ድመት ወዳጆች በጥቂት ወራት ውስጥ 300 ሚሊዮን የን ገደማ አዋጡለት። ለድመት! እኛም ገርሞናል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ጥርጣሬያችሁን በሃይላንድ ጠርሙስ መለካት ትችላላችሁ። ጠዋት ከግማሽ ሊትሩ ወደ ሳህኗ ቅዱ፣ በነጋታው በዚያው ሰዓት የተረፈውን መልሳችሁ ገልብጡና ስንት እንደጎደለ እዩ። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ50 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣች፣ ለምሳሌ 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት ከ200 በላይ ከጨረሰች፣ ችግር አለ። ጓሮ ከኩሬ የምትጠጣ ከሆነ ግን ልኬቱ አይሠራም፤ ለአንድ ቀን ቤት አቆዩአት። ክብደቷን ለማወቅ መጀመሪያ ብቻችሁን፣ ከዚያ አቅፋችኋት ሚዛን ላይ ውጡና ልዩነቱን ያዙ። በየ15 ቀኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። መክሳት፣ የፀጉር መጎሳቆል፣ የአፍ ሽታ፣ ማስመለስ ከተጨመረበት አትጠብቁ። ስኳር በሽታና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ውሃ ያስጠጣሉ፤ የሚለየው ምርመራ ነው።

ምርመራው ላይ ነው ጣጣው። ጥር 23 ኢንጅባራ ላይ የፈረሰኞችን በዓል የሚያከብር ሕዝብ እንስሳ አያውቅም ማለት አይቻልም፤ ግን የአካባቢያችን የእንስሳት ጤና አገልግሎት በዋናነት የታሰበው ለከብት፣ ለበግና ለጋማ ከብት ነው። ድመት ይዞ መሄድ ያሳፍራል የሚል ካለ ይተወው። ጎተራውን ስትጠብቅ የኖረችው እሷ ናት። ባለሙያውን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የደም ክሪያቲኒን ማስለካት ይቻላል ወይ? ሽንቷ ምን ያህል ቀጥኗል? እዚያ ካልተቻለ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ መንገዱ ሩቅ ቢሆንም በስልክ መጠየቅ አይከፋም።

እንክብካቤው በአብዛኛው ውሃ ነው። ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጡ፣ በየቀኑ ቀይሩ፣ ከምግቡ ራቅ አድርጉት። ደረቅ የድመት ምግብ የውሃ መጠኑ 10 በመቶ ገደማ ነው፣ የቆርቆሮው ደግሞ ከ75 በመቶ ይበልጣል። ለኩላሊት ሕመም ተብሎ የተዘጋጀ፣ ፎስፈረሱ የተቀነሰ ምግብ ካገኛችሁ እሰየው፤ ካልሆነ ያለ ጨው የተቀቀለ ሥጋ ከነመረቁ ስጧት። አጥንት፣ ጉበትና ኩላሊት ፎስፈረስ ስለሚበዛባቸው ቀንሱ። ሽሮና ወጥ ይቅርባት፤ ጨውን ተዉትና ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ብቻ ለድመት መርዝ ናቸው። ወተትም ብዙ አዋቂ ድመቶችን ያስቀምጣል፣ ውሃዋን ጭራሽ ያስጨርሳል። ሥጋ ጭራሽ መከልከል ግን ስህተት ነው፤ ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም። ደግሞም የከሳች ድመት ይበርዳታል፣ የእኛን ደጋ ታውቁታላችሁ። አሮጌ ጋቢ ይበቃታል። የዲከረንስ ከሰል ሞልቶናል ብላችሁ በተዘጋ ቤት ፍም አጠገብ እንዳታስተኟት፤ ጭሱ እናንተንም ይገድላል።

አሁን ዋናው፦ ከቤት መድኃኒት እንዳትሰጧት። አንድ ባለ 500 ፓራሲታሞል ድመትን ለመግደል ይበቃል፤ ሰውነቷ ሊያፈርሰው አይችልም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ የቀረውን ኩላሊት ይጨርሱታል። ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክም ኩላሊት ይጎዳል፤ ስለዚህ ለሌላ ሕመም መርፌ ልትወጋ ስትሉ ኩላሊቷ እንደታመመ ቀድማችሁ ለባለሙያው ተናገሩ። ውሃ ያጣች ድመት ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ በመርፌ ሲሰጣት ቶሎ ትነቃለች፤ መጠኑን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። አንዳንድ አገር ባለቤቶች ተምረው ቤታቸው ይሰጧታል።

ለመሽናት እያማጠች ጠብ የማይልላት፣ በተለይ ወንድ ድመት ከሆነ፣ ይህ ሌላ ችግር ነው፤ ቱቦው ተዘግቶ ይሆናልና በዚያው ቀን ይታይ። በደንብ የተያዘች የኩላሊት ታማሚ ግን እንደ ደረጃዋ ወራትና ዓመታት ልትኖር ትችላለች። ምግብ እንቢ ካለች ሥጋውን ሞቅ አድርጋችሁ በጣታችሁ ሞክሩ። ያንንም ለሁለት ቀን ከተወች ሐኪሙ ጋ ውሰዷትና፣ የሚቻል ነገር ከሌለ፣ ሳትሰቃይ እንድታርፍ ማድረግ ይቻል እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት።