አረም የሣለው ጭት ሠሪ

የጭት ንድፍ አውጪ ዕድሜ ልኩን አበባ ሲሥል ኖሮ አበባን በቅጡ ላያውቀው ይችላል። ጨርቁ ላይ ያለችው ጽጌረዳ መልካበባዋ አምስት ይሁን ስድስት አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው የንድፉ ቀኝ ጠርዝ ከግራው፣ ላዩ ከታቹ ጋር መግጠሙ ነው፤ ማኅተሙ እየተደጋገመ ሲያርፍ መጋጠሚያው ከታየ ሥራው ተበላሸ። ቀለሙም በቁጥር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንጨት ማኅተም ሲታተም እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ማኅተም ይቀረጽለት ነበር፤ አረንጓዴ ደግሞ የሚገኘው ሰማያዊና ቢጫን በመደረብ ነበር።

ዊሊያም ኪልበርን ያደገው በዚህ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1745 ደብሊን ተወልዶ፣ ከከተማዋ አቅራቢያ ከነበረ ጭት አታሚ ዘንድ ሙያውን ተማረ። አባቱ ሲሞት እናቱንና እኅቱን ይዞ ለንደን ገባ። ከዊሊያም ከርቲስ ጋር የተገናኘውም እዚያ ነው።

ከርቲስ ሙያው መድኃኒት ቅመማ ቢሆንም ልቡ ከዕፅዋት ጋር ነበር። በለንደን ዙሪያ በ10 ማይል ክልል ውስጥ በራሱ የሚበቅለውን ሁሉ፣ የመንገድ ዳር አረም ሳይቀር፣ በተፈጥሮ መጠኑ የሚያሳይ «ፍሎራ ሎንዲነንሲስ» የተባለ መጽሐፍ አዘጋጀ። ከመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ብዙዎቹ የኪልበርን እጅ ውጤቶች ናቸው።

እዚህ ላይ የጭት ሠሪው ልማድ ሁሉ ተገለበጠ። ለዕፅዋት ሥዕል ድግግሞሽ የለም፤ አንድ ተክል ከነሥሩ፣ ከነዘሩ፣ ነፍሳት ከበሉት ቅጠሉ ጋር ብቻውን ይቆማል። መልካበባው መቆጠር አለበት። የውሃ ቀለምም ምሕረት የለውም፦ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ስለሆነ ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ከመጀመሪያው ሳይነካ ይተዋል፤ ከስሱ ተጀምሮ እየተደራረበ ወደ ድፍኑ ይኬዳል እንጂ የጠቆረውን መልሶ ማፍካት ከባድ ነው። የተቀነጠሰ አበባ ደግሞ ሠዓሊውን ቆሞ አይጠብቅም። ሥዕሉ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ከታተመ በኋላ እያንዳንዱ ቅጂ አንድ በአንድ በእጅ ቀለም ይቀባ ነበር።

መጽሐፉ ገበያ አልቀናውም። ባለገንዘቦቹ ከባሕር ማዶ የመጣ አበባ እንጂ ደጃቸው የበቀለ አረም ለመግዛት አልቸኮሉም። ከርቲስም ይህ ገብቶት በ1787 የጓሮና የሩቅ አገር አበቦችን የያዘ መጽሔት ጀመረ፤ መጽሔቱ እስከ ዛሬ ይታተማል።

ኪልበርን ግን ከዚያ በፊት ወደ ጨርቁ ተመልሶ ነበር። ከለንደን በስተ ደቡብ ዋሊንግተን የጭት ማተሚያ ያዘ። የተመለሰው ግን ያው ሰው አይደለም፤ ንድፎቹ ውስጥ የሜዳ አበባ፣ ሥጋው አልቆ ጅማቱ ብቻ የቀረ ቅጠል፣ የባሕር አረም ሳይቀር ገቡ። እንዲህ ያለ ንድፍ ወዲያው ይኮረጃል፤ ተፎካካሪዎች አስመስለው በርካሽ ይሸጡበት ስለነበር ከሌሎች አታሚዎች ጋር ለፓርላማ አቤት አለ። በ1787 የወጣው ሕግ ለአዲስ የጨርቅ ንድፍ የሁለት ወር ጥበቃ ሰጠ፤ በ1794 ሦስት ወር ሆነ። ለእኔ ይህ እንደ ቀልድ ነው፤ አንዱን የባሕር አረም ንድፍ አስተካክሎ ለመሣል ስንት ቀን ይፈጃል?

በውሃ ቀለም የሠራቸው ከ200 የሚበልጡ ንድፎች ያሉበት አልበም ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ምርጫዬን ለሚጠይቀኝ ከጽጌረዳዎቹ ይልቅ የባሕር አረሞቹን እላለሁ፤ ቅርንጫፋቸው እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይዘረጋል፣ ንድፉ የት ላይ እንደሚደገም ለማግኘትም ዓይን ይቸገራል።