የተጠባባቂው ገበሬ ጥሪና መመለሻ

በማንኛውም አገር የመከላከያ ጉዳይ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ወታደር ይታያል። አንደኛው ውትድርናን ቋሚ ሙያው አድርጎ በደመወዝ የሚያድር ነው። ሁለተኛው እርሻውን ወይም ፋብሪካውን ሳይለቅ ለተወሰነ ጊዜ ሠልጥኖ ወደ ሥራው የሚመለስ፣ ጥሪ ሲደርሰውም መሣሪያ የሚያነሣ ተጠባባቂ ነው። ስለዚህኛው ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ አወጣጡ ነው። የግዴታው ክብደት የሚለካው ግን በአመላለሱ መሆኑን የምዕራብ ጎጃም ገጠር ያስተምራል።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለ ገበሬ በግንቦት በቆሎውን ይዘራል፤ በሐምሌ ማሳውን ደጋግሞ አርሶ ጤፉን ይዘራል፤ ነሐሴ የአረም ወር ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ፣ ጥር ውቂያ ነው። የአንድ ወር ሥልጠና በየካቲት ቢሆን ወይም በሰኔ ቢሆን በጦር ሰፈር መዝገብ ላይ ልዩነት የለውም። በጎተራው ላይ ግን ልዩነቱ የዓመት ቀለብ ነው።

ገበሬና ተዋጊ መሆን ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር የጣሊያን ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ ሲወጣ ካስጨነቁት መካከል የጎጃም አርበኞች ነበሩ፤ አብዛኛውም አርበኛ የገበሬ ልጅ ነበር። በንጉሡ ዘመን ነጭ ለባሽ የሚባለውም የራሱን ጠመንጃ ይዞ በአቅራቢያው ሽፍታ ለመያዝ የሚጠራ ባለእርሻ ነበር።

የ1969 ዓ.ም. የሕዝብ ሚሊሺያ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ከየክፍለ ሀገሩ የተውጣጣው ገበሬ በታጠቅ ጦር ሰፈር በጥቂት ወራት ሠልጥኖ በሰኔ በአብዮት አደባባይ ተሰለፈ። (ወሩ ሰኔ መሆኑን ገበሬ የሆነ አንባቢ ልብ ይለዋል።) በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ወረራውን በመግፋቱ ሚሊሺያው ወደ ኦጋዴን፣ ቀጥሎም ወደ ሰሜን ዘመተ። በአጭር ሥልጠና የወጣው ተጠባባቂ በተጨባጭ ቋሚ ወታደር ሆነ ማለት ነው።

ቤቱስ? በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን መሸጥ፣ መለወጥና ማከራየት ከልክሏል። በጎጃም ልማድ ሴት ሞፈር አትይዝም። ስለዚህ የዘማቹን ማሳ ማረስ የገበሬ ማኅበሩ ድርሻ ሆነ። ይህ ከወንፈልና ከደቦ ጋር የሚዛመድ መልካም አሠራር ነው። ነገር ግን ሁሉም የየራሱን አርሶ ካበቃ በኋላ ወደ ዘማቹ ማሳ የሚዞር ከሆነ የዘር ጊዜው ያልፋል። በስብሰባ ላይ «ታርሶለታል» ማለትና በወቅቱ ማረስ አንድ አይደሉም።

በ1975 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ጉዳዩን በሕግ መልክ አስያዘው። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ዜጋ ስድስት ወር ይሠለጥናል፤ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ይሆናል። በወረቀት ላይ ሲታይ መነሻውም መድረሻውም የታወቀ ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ በሰሜን ጦርነቱ እየበረታ ሲሄድ ሁለቱ ዓመት ያለፈባቸው ብዙዎች አልተሰናበቱም። ቀበሌውና ገበሬ ማኅበሩ ኮታ እንዲሞሉ ታዘዙ፤ ወጣቱ ተሸሸገ፤ አፈሳ መጣ። በእኔ ግምት ወጣቱን ይበልጥ ያሸሸው የስድስት ወሩ ሥልጠና ሳይሆን የመመለሻው ቀን መጥፋት ነው። ሠራዊቱ በ1983 ዓ.ም. ሲበተን አዋጁም አብሮ ከሥራ ውጭ ሆነ።

ፈረንሣዊው ሶሻሊስት ዣን ዦሬስ በ1911 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የአገር መከላከያ በሰፊ ተጠባባቂ ሕዝብ ላይ እንዲመሠረት ሲከራከር ስዊዘርላንድን በምሳሌነት ጠቅሶ ነበር። የዛሬው የስዊዘርላንድ ምልምል 18 ሳምንት ሠልጥኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሚቀጥሉት ዓመታት በአብዛኛው ለስድስት ጊዜ ያህል፣ በየጊዜው ወደ ሦስት ሳምንት ለሚጠጋ ድጋሚ ሥልጠና ይጠራል፤ የተራ ወታደር ግዴታ በድምሩ 245 ቀን ነው። ከሥራ በተለየባቸው ቀኖች ከገቢው 80 በመቶ ያህሉ ይካካስለታል፤ ለዚህም ሠራተኛውና አሠሪው ያዋጣሉ። በእርግጥ ያ አገር ረጅም ዘመን በሰላም የኖረ ባለጸጋ ነው፤ ሚዛኑ ለእኛ በቀጥታ አይሠራም። ቀን ቆጥሮ መጥራትና ቀን ቆጥሮ ማሰናበት ግን ሀብት አይጠይቅም።

በምዕራብ ጎጃም ዛሬም የቀበሌ ሚሊሺያ የሚባለው ሰው በአብዛኛው አራሽ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግጭት ባየው በዚህ አገር ስለ ጥሪ የሚደረግ ንግግር ቀላል አይደለም፤ በየቤቱ የሚጠበቅ ሰው አለ። ሆኖም በየትኛውም ጊዜ የጥሪ መዝገብ የሚያዘጋጅ ቀበሌ ከተጠሪው ስም አጠገብ ሁለት ነገሮችን ሊጽፍ ይገባዋል፦ የሚመለስበትን ቀንና በሐምሌ ማሳውን የሚያርስለትን ጎረቤት ስም።