ባትሪ የሌለው ሴንሰር፦ ተረቱና እውነታው

እንደ ሳንጃ ባለ የማሽላና የሰሊጥ አገር ማሽላ መድረቁ የሚታወቀው በጥርስ ነው። «ቀጭ» ካለ ይከተታል፣ ከለዘበ ገና ነው። ጥርስ ግን በጆንያው መሀል የተደበቀውን እርጥበት አያገኘውም። ያለ ሽቦና ያለ ባትሪ የሚለካ ሴንሰር አለ ሲባል ሰው ጆሮውን የሚሰጠው ለዚህ ነው። ከወሬው ጋር ግን ብዙ ተረት አብሮ ይመጣል።

«ባትሪ ከሌለው ወይ ውሸት ነው፣ ወይ ኃይል ከራሱ ያመነጫል» ይባላል። ሁለቱም ስህተት ነው። ኃይሉን ይዞ የሚመጣው ጠያቂው፣ ማለትም ማንበቢያው መሣሪያ ነው። ነገሩን ለጎንደር ሰው በክራር ማስረዳት ይቀላል። እኩል የተቃኙ ሁለት ክራሮች ተጠጋግተው ሳለ የአንዱ ክር ሲመታ፣ ያልተነካው የሌላኛው አቻ ክር ይርገበገባል። ሴንሰሩም የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦና ካፓሲተር ነው፤ የራሱ ቅኝት አለው። ማንበቢያው የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ሲልክበት፣ ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባሳየው ሕግ መሠረት ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ የተላከው ከቅኝቱ ጋር ሲገጥም ደግሞ ምላሹ ይጎላል። እርጥበት ቅኝቱን ያወርደዋል። ውሃ ካፓሲተሩ የሚይዘውን ኤሌክትሪክ ከአየር ጋር ሲነጻጸር 80 እጥፍ ያህል ሊያሳድግ ይችላል፤ ደረቅ እህል ግን ጥቂት እጥፍ ብቻ። ስለዚህ ትንሽ እርጥበትም ይታወቃል።

ኬሚካልም ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቲሞቲ ስዌገርና ባልደረቦቹ በስልክ የሚነበብ ተራ መለያ (ታግ) ላይ ካርቦን ናኖቲዩብ ቀብተው አሞኒያን በስልክ ለይተዋል።

«ገና ያልተፈተነ አዲስ ነገር ነው» የሚሉም አሉ። ነገር ግን ሞስኮ ለነበሩት የአሜሪካ አምባሳደር እ.ኤ.አ. በ1945 በስጦታ የተሰጠው የእንጨት ቅርጽ ውስጥ ባትሪ የሌለው የስለላ መስሚያ ተደብቆ ነበር። ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት ብቻ ይሠራ ስለነበር እስከ እ.ኤ.አ. 1952 አልተደረሰበትም። ካርዲዮሜምስ የተባለው ሴንሰር ደግሞ በልብ ድካም ታማሚዎች የሳንባ ደም ቧንቧ ውስጥ ተቀምጦ ግፊት ይለካል፤ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ታማሚው አንቴና ባለው ትራስ ላይ ሲተኛ ይነበባል።

ትራሱ ሌላውንም ተረት ያፈርሳል። «ጎንደር ተቀምጠህ የሳንጃን መጋዘን ታነባለህ» የሚለው አይሆንም። ኃይሉ ከጠያቂው ስለሚመጣ፣ ርቀት ሲጨምር ቶሎ ይደክማል፤ በስልክ የሚነበበው ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ብረትም ያግደዋል፤ በቆርቆሮ ጎተራ ውስጥ የተቀበረን ሴንሰር ከውጭ ሆኖ ማንበብ አይቻልም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ «አንዱ ለሁሉም እህል ይሆናል» የሚለው ነው። ሴንሰሩ የሚናገረው ቅኝት እንጂ የእርጥበት መቶኛ አይደለም፤ ቅኝቱን ወደ መቶኛ የሚቀይረው ለእያንዳንዱ እህል ተለክቶ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው። ሰሊጥ ግማሹ ገደማ ዘይት ነው፣ ማሽላ በአብዛኛው ስታርች። በማሽላ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ በሰሊጥ ላይ ይዋሻል፤ ሙቀትም ንባቡን ያዛባል። ሻጭ ከመጣ በየትኛው እህልና በምን ያህል ሙቀት እንደተፈተነ ጠይቁት። በሰሊጥ ካልተፈተነ ለሰሊጥ አትግዙት።