«ተገጣጣሚ» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ሰሞን በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ጓደኛዬ «ተገጣጣሚ ቤት መቼም ለጊዜው ነው» ሲል ሰማሁት። አነጋገሩ የብዙዎቻችን ስለሆነ ቃሉን መመርመር ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ፈረንጆች አሠራሩን «ፕሪፋብሪኬሽን» ይሉታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን «ፕሪ» ማለት «አስቀድሞ» ነው፤ የቀረው «መሥራት» ነው። እንግዲህ ስለ ጊዜያዊነት አንዳች አይናገርም። የሚለው ግድግዳው፣ ወለሉና ምሰሶው በፋብሪካ አስቀድሞ ይሠራ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በለንደን የቆመው «ክሪስታል ፓላስ» ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1851 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ የብረትና የመስተዋት አዳራሽ፣ ክፍሎቹ በየፋብሪካው ተሠርተው ስለ መጡ በዘጠኝ ወር ገደማ ተጠናቀቀ። ኋላም ተፈትቶ በሌላ ሠፈር በ1854 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ፤ በ1936 ዓ.ም. እሳት እስኪበላውም ድረስ ኖረ።

«ለጊዜው» የሚለው ስም ከየት ተጣበቀበት ቢሉ፣ አንዱ ምክንያት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች ቤት ላጡ ሰዎች ከ150 ሺህ በላይ ተገጣጣሚ ቤቶች ሠሩ። የታሰቡት ለአሥር ዓመት ያህል ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ከዚያ እጅግ አልፈው ቆዩ።

የእኛው ቃልስ? «ተገጣጣሚ» ስንል «አስቀድሞ» የሚለውን እንተወውና መጋጠሙን እንይዛለን። ይህም ቢሆን ታላቅ ቁም ነገር አለው። በ1968 ዓ.ም. በምሥራቅ ለንደን «ሮናን ፖይንት» የተባለው 22 ፎቅ ሕንጻ ሰዎች በገቡበት በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በአንድ ቤት ጋዝ ፈንድቶ የሕንጻው አንድ ማዕዘን ተናደ፤ አራት ሰዎች ሞቱ። ፍንዳታው ብርቱ አልነበረም፤ ጉድለቱ የግድግዳዎቹ መጋጠሚያ ደካማ መሆኑ ነበር።

በአገራችንም የብዙ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ወለል የተሠራው አስቀድመው በተዘጋጁ የኮንክሪት አግዳሚዎችና በውስጠ ክፍት ብሎኬት ነው። ስለዚህ ነገሩ ሩቅ አይደለም። የፈረንጁ ቃል መጀመሪያውን፣ የእኛው ቃል መጨረሻውን ያሳያል፤ ሥራው ግን ሁለቱንም ይሻል። ነገ በጠረጴዛው ላይ የሕንጻ ውል የሚቀርብለት ወጣት ሹም ከመፈረሙ በፊት «ምኑ አስቀድሞ ተሠራ? በምንስ ተጋጠመ?» ብሎ ይጠይቅ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለትም ይኸው ነው።