የፓምፑ እጀታና የአጥቢያው ምክር ቤት

የአካባቢ ምክር ቤቶች የሚወስኗቸው ጉዳዮች ብዙውን ጊዜ ተራ ይመስላሉ። የውኃ ቦኖው የት ይተከል? ቆሻሻ በየስንት ቀኑ ይነሣ? የትኛው የመጸዳጃ ጉድጓድ ይጠገን? ይሁን እንጂ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ የሚሰጥ ውሳኔ የሰውን ሕይወት የሚያድን ወይም የሚያጠፋ ሊሆን ይችላል። ምርምር ለእንዲህ ዓይነቱ ውሳኔ ምን እንደሚያበረክት፣ ምክር ቤትም በበኩሉ ምርምርን እንዴት እንደሚያግዝ ለመረዳት፣ በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ የተፈጸመ አንድ ታሪክ እንመለከታለን። የታሪኩ ግማሽ በሰፊው የታወቀ ነው። ሌላው ግማሽ ግን እምብዛም አይነገርም።

የሐኪሙ ግምት

በዚያ ዓመት ኦገስት 31 ሌሊት፣ ሶሆ በተባለው የለንደን ሠፈር፣ ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ አካባቢ የኮሌራ በሽታ ተቀሰቀሰ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብቻ 127 ሰዎች ሞቱ። ወረርሽኙ እስኪያበቃ ድረስ የሟቾቹ ቁጥር ከ600 በላይ ደርሷል። በጊዜው አብዛኞቹ ሐኪሞች ኮሌራ ከቆሻሻ በሚነሣ መጥፎ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ዶክተር ጆን ስኖው ግን በሽታው በተበከለ ውኃ ይተላለፋል የሚል አቋም ነበራቸው።

ስኖው የ83 ሟቾችን ዝርዝር ከመዝገብ አውጥተው በየቤቱ እየዞሩ ጠየቁ። ከሞላ ጎደል ሁሉም የሞቱት በብሮድ ስትሪት የእጅ ፓምፕ አቅራቢያ ነበር። ለሌላ ፓምፕ ይበልጥ በሚቀርቡ ቤቶች የሞቱት 10 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም የአምስቱ ቤተሰቦች የብሮድ ስትሪቱን ውኃ ስለሚወዱት ሁልጊዜ ከዚያ ያስቀዱ ነበር። ሦስቱ ደግሞ በፓምፑ አጠገብ በሚገኝ ትምህርት ቤት ይማሩ የነበሩ ሕፃናት ናቸው። በአንጻሩ በዚያው አካባቢ 535 ሰዎች በሚኖሩበት የድሆች መጠለያ የሞቱት 5 ብቻ ነበሩ። መጠለያው የራሱ ጉድጓድ ነበረው። ከ70 በላይ ሠራተኞች ያሉት የቢራ ጠመቃ ቤትም የራሱ ጉድጓድ ሲኖረው፣ ሠራተኞቹ ቢራ ይታደላቸው ስለነበር ከመካከላቸው አንድም ሰው አልሞተም።

ስኖው ይህን ማስረጃ ይዘው ሴፕቴምበር 7 ምሽት የአጥቢያውን አስተዳደር ቦርድ አነጋገሩ። ቦርዱም በማግስቱ የፓምፑ እጀታ እንዲነሣ አደረገ። በሰፊው የታወቀው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል።

ምክር ቤቱ ያጠናው ጥናት

እጀታው ሲነሣ ወረርሽኙ ቀድሞውኑ እየቀነሰ ነበር፤ ይህንንም ስኖው ራሳቸው አልሸሸጉም። ነዋሪው ከሠፈሩ ሸሽቶ ነበርና። ስለዚህ እጀታው መነሣቱ ብቻውን የግምቱን እውነትነት ሊያረጋግጥ አልቻለም። ጉድጓዱ ከውስጥ ሲመረመርም ግድግዳው ላይ ቀዳዳ አልተገኘም። የመንግሥቱ የጤና ቦርድ የሾማቸው የሳይንስ ባለሙያዎችም የስኖውን ሐሳብ ሳይቀበሉት ቀሩ።

የአጥቢያው ምክር ቤት ግን ጉዳዩን አልተወውም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር የራሱን አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ የአካባቢው ረዳት ቄስ የነበሩት ሄንሪ ኋይትሄድ ናቸው። ቄሱ የስኖውን ሐሳብ አላመኑበትም፤ ጥናቱን የጀመሩትም ሐሳቡ ስሕተት መሆኑን አሳያለሁ ብለው ነው። ይሁን እንጂ ምዕመናኑን በስም ያውቋቸው ስለነበር፣ ለማያውቁት ሐኪም የማይነገረው ይነገራቸው ነበር። አንዳንዱን ቤት አራትና አምስት ጊዜ ተመላልሰው ጎበኙ።

ቄሱ ከስኖው የተለየ አንድ ነገር አደረጉ። የሞቱትን ብቻ ሳይሆን፣ በሕይወት የተረፉትንና ከነጭራሹ ያልታመሙትንም ጠየቁ። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር እንመልከት። ከታመሙ 100 ሰዎች መካከል 80ዎቹ የአንድ ጉድጓድ ውኃ ጠጥተው ነበር እንበል። ውኃው ጥፋተኛ ነው ለማለት ይህ ይበቃልን? አይበቃም። ከጤነኞቹም ከመቶ ሰማንያው ያንኑ ውኃ ጠጥተው ከሆነ፣ ቁጥሩ የሚነግረን የሠፈሩ ሰው በአብዛኛው ከዚያ ጉድጓድ እንደሚቀዳ ብቻ ነው። ስለዚህ የጠጡትንና ያልጠጡትን ለየብቻ አስቀምጦ፣ ከእያንዳንዱ ወገን ምን ያህሉ እንደታመመ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ኋይትሄድ ያገኙት ውጤት የሚከተለው ነው። ከፓምፑ ውኃ ከጠጡት 137 ሰዎች 80ዎቹ ታመዋል፤ ይህም ከመቶ 58 ያህል ነው። ካልጠጡት 297 ሰዎች የታመሙት ግን 20 ብቻ ሲሆኑ፣ ይህ ከመቶ 7 አይሞላም። ውኃውን የጠጣ ሰው የመታመም ዕድሉ ካልጠጣው ከስምንት እጥፍ በላይ ነበር ማለት ነው። ተጠራጣሪው ቄስ በራሳቸው ቁጥር ተረቱ።

የቀረው ጥያቄ ውኃው እንዴት ተበከለ የሚለው ነበር። ኋይትሄድ የሞት መዝገቡን ሲያገላብጡ በብሮድ ስትሪት ቁጥር 40 የሞተች የአምስት ወር ሕፃን አገኙ። ሕፃኗ የታመመችው ወረርሽኙ ከመቀስቀሱ ከጥቂት ቀናት በፊት ነበር። እናትየው ሲጠየቁ የሽንት ጨርቆቿን ያጠቡበትን ውኃ በቤቱ ፊት ለፊት በሚገኘው የፍሳሽ ጉድጓድ ይደፉ እንደነበር ተናገሩ። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ1855 ቦታውን ከውጭ በኩል አስቆፈረ። የፍሳሽ ጉድጓዱ ግንብ ፈራርሶ ተገኘ፤ ከውኃ ጉድጓዱ ያለው ርቀትም ከአንድ ሜትር ያነሰ ነበር። የሕፃኗ አባት በኮሌራ የታመሙት ደግሞ ሴፕቴምበር 8፣ ልክ እጀታው በተነሣበት ዕለት ነው። እጀታው ባይነሣ ኖሮ ውኃው ዳግመኛ በተበከለ፣ ሁለተኛ እልቂትም በተከተለ ነበር።

ከታሪኩ የምንማረው

በመጀመሪያ፣ የተሟላ ዕውቀት እስኪገኝ መጠበቅ ሁልጊዜ አያስፈልግም። ሮበርት ኮኽ የኮሌራን ባክቴሪያ ለይተው ያሳወቁት ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ቦርዱ እጀታውን ያነሣው ተሕዋሲውን ሳያውቅ ነበር። የእርምጃው ወጪ ትንሽ፣ ተሳስቶ ዝም ማለት የሚያስከትለው ጉዳት ግን ከባድ በሆነ ጊዜ፣ ያልተሟላ ማስረጃም ለውሳኔ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ እርምጃ መወሰዱ የጥናቱ ፍጻሜ ሊሆን አይገባም። ምክር ቤቱ ከእርምጃው በኋላ ባያጣራ ኖሮ፣ የፈራረሰው ግንብ ተደብቆ በቀረ ነበር።

ሦስተኛ፣ ተመራማሪው ዘዴውን ሲያመጣ፣ ነዋሪውን የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ደግሞ ያለ እርሱ የማይገኘውን መልስ ያመጣል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በባሌ ዞን የተቀሰቀሰው የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቶ ነበር። በሌላ በኩል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩ፣ ነዋሪውን በስም የሚያውቁ ሠራተኞች አሉን። ኋይትሄድ በእግራቸው ዞረው የሰበሰቡትን ዓይነት መረጃ ለመሰብሰብ ከእነርሱ የተሻለ ሰው አይገኝም። በሽታ ሲከሰት የታማሚዎችን ቁጥር ወደ ወረዳ ከማስተላለፍ ጋር፣ «ከየትኛው ምንጭ ትቀዳላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ለጤነኛውም ቤት ማቅረብ ተጨማሪ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ሁለት ዓምድ ያለው መዝገብና መልሱን አይቶ የሚወስን የቀበሌ ምክር ቤት ነው። የዩኒቨርሲቲ ምሁራን ድርሻም ጥያቄው በትክክል እንዲጠየቅ፣ ቁጥሩም በትክክል እንዲነበብ ማገዝ ይሆናል።