«ዲስፕሌይ አያመጣም»፦ ከጠቆረ ሞኒተር ጋር ትውውቅ

አክስቴ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። አንድ ጠዋት ደውለው «ልጄ፣ እስቲ ቶሎ ድረስልኝ፤ ኮምፒውተሩ ሞቶብኛል» አሉኝ። ሌሊቱን መብራት ደጋግሞ ሄዶ መጥቷል። ስደርስ ብዙዎቻችን «ሲፒዩ» የምንለው ሳጥን እንደወትሮው ያጉረመርማል፤ ሞኒተሩ ግን ጥቁር ነው። ወረፋ ከያዙት ደንበኞች አንዱ «እትዬ፣ ይሄማ አልቆለታል፤ አዲስ ይግዙ፤ ሲፒዩውም ፎርማት ይደረግ» እያለ ይመክራቸዋል። አክስቴን ያስጨነቃቸው የሞኒተር ዋጋ ብቻ አልነበረም። የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ተጽፎ ሳይታተም እዚያው ውስጥ አለ።

መጋረጃውን ጋረድኩና የስልኬን መብራት ከስክሪኑ ጥግ በሰያፍ አበራሁበት። መጀመሪያ የታየኝ አቧራና የጣት አሻራ ብቻ ነበር። ስልኩን ቀስ አድርጌ ወደ ግራ ሳንሸራትተው ግን ከጥቁሩ ውስጥ ትንንሽ ምስሎች እንደ ጥላ ብቅ አሉ፤ ከአንዱ ሥር «መመረቂያ» የሚል የፎልደር ስም ይነበባል። አክስቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ውይ! አለ ለካ!» አሉ።

አዎ፣ አለ። ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ ሞኒተሩም ምስሉን በትክክል ሠርቷል። የጠፋው ምስሉን ከኋላ የሚያበራው መብራት ብቻ ነው። «ፎርማት ይደረግ» የሚለውን ምክር ብንሰማ ኖሮ ምንም ያልሆነውን ጽሑፍ አጥፍተን፣ የተበላሸውን መብራት እንዳለ እንተወው ነበር።

ጥገና ቤት «ዲስፕሌይ አያመጣም» የሚባለው ነገር አንድ በሽታ አይደለም። ጥቁረቱ ዓይነት ዓይነት አለው፤ ዓይነቱን ለይቶ ያወቀ ሰው ገንዘቡንም ሥራውንም ያድናል። ለመለየት ደግሞ ሞኒተሩ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ማወቅ ይበቃል።

መብራት የሌለው ሥዕል

ጠፍጣፋ ሞኒተር ምስሉን የሚሠራው በፈሳሽ ክሪስታል ነው፤ የፈሳሽ ክሪስታል ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪድሪሽ ራይኒትሰር ፕራግ ውስጥ ከካሮት የተገኘ ውሁድ ሲያሞቅ፣ ውሁዱ በ145.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀልጦ ድፍርስ ፈሳሽ ሆነ፤ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ ድፍርሱ በድንገት ጠራ። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር እንደ ፈሳሽ ይፈስሳል፤ በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ግን እንደ ክሪስታል ይለውጠዋል። ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ የአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ በዚህ ጠባይ የሚሠራ ማሳያ ለሕዝብ አሳየ።

ዛሬ ጠረጴዛችን ላይ ያለው ጠፍጣፋ ሞኒተር የዚያ ልጅ ነው። 1920 በ1080 የሚባለው ስክሪን ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ስለሚከፈል ከ6 ሚሊዮን የሚበልጡ ጥቃቅን መስኮቶች ይኖራሉ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ እነዚህን መስኮቶች ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ገርበብ ያደርጋል። መስኮት ግን በራሱ አያበራም። ብርሃኑ የሚመጣው ከኋላ ነው፤ በቀድሞዎቹ ሞኒተሮች ከቀጫጭን የፍሎረሰንት ቱቦዎች፣ በአሁኖቹ ከተደረደሩ የኤልኢዲ አምፖሎች።

አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ቀን ብርሃኑ ከውጭ ሲያልፍበት ቀዩም ሰማያዊውም ይነዳል። ውጭው ሲጨልም ከውስጥ የቆመ ሰው ፊት የሚቀረው ጥቁር መስታወት ነው፤ ሥዕሉ ግን ከቦታው አልተነሳም። የአክስቴ ሞኒተር የሆነው ይኸው ነው።

ሞኒተሩን ብቻውን ይጠይቁ

ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት የሚደረግ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ምስል የሚያመጣውን ኬብል ከሲፒዩው ይንቀሉ፤ የሞኒተሩን የመብራት ገመድ ግን እንደተሰካ ይተዉት። ከዚያ ሞኒተሩን አጥፍተው ያብሩትና ስክሪኑን ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ይመልከቱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ሞኒተር ግን በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ በሽታውን ይናገራል። መልሱ ከሦስት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው መልስ «ኖ ሲግናል» ወይም «ኬብሉን ይመልከቱ» የሚል ጽሑፍ ነው፤ አንዳንዱም የድርጅቱን ምልክት ያሳያል። ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። ጽሑፉን ለማሳየት የኃይል ሰሌዳው፣ የኋላ መብራቱና መስታወቱ ሁሉም መሥራት አለባቸውና። ጽሑፉ ጥቂት ቆይቶ ሊጠፋና የማብሪያው መብራት ወደ ብርቱካናማ ሊለወጥ ይችላል፤ በአብዛኞቹ ሞኒተሮች ብርቱካናማ ማለት «ተኝቻለሁ፣ ምስል ካመጣችሁ እነቃለሁ» ማለት ነው። ችግሩ ከሞኒተሩ ውጭ ነው፤ ኬብሉንና ሲፒዩውን ይመርምሩ።

ሁለተኛው መልስ ፍጹም ዝምታ ነው፤ የማብሪያዋ ትንሽ መብራት እንኳ አትበራም። ያን ጊዜ ከግድግዳው ይጀምሩ። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክተው ይሞክሩ፤ ማከፋፈያውን ዘለው ሞኒተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩ። ከሞኒተሩ ጀርባ የሚገባው የገመድ ጫፍ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ሲጸዳ ይላላል፤ ጠበቅ አድርገው ይግፉት። የሲፒዩው የመብራት ገመድ ከሞኒተሩ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ አቀያይረው ይፈትኑት።

ሦስተኛው መልስ አክስቴ ቤት ያየነው ነው፤ የማብሪያው መብራት በርቷል፣ ስክሪኑ ግን ጽሑፍ አያሳይም። የስልክ መብራት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ኬብሉን መልሰው ይሰኩ፣ ክፍሉን አጨልመው በሰያፍ ያብሩበት። ደብዛዛ ምስል ከታየ የሞተው የኋላ መብራቱ ነው። በተለይ ሲከፈት ለሁለት ሰከንድ ያህል በርቶ ድርግም የሚል ባለ ፍሎረሰንት ቱቦ ጠፍጣፋ ሞኒተር ካለዎት፣ ከቱቦዎቹ ወይም ከፍተኛ ቮልት ከሚሰጣቸው ክፍል አንዱ ደክሟል፤ መከላከያው ጉድለቱን አይቶ ነው ሁሉንም የሚያጠፋው። በኤልኢዲዎቹም ቢሆን አምፖሎቹ ተከታትለው የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ስትቆረጥ መስመሩ በሙሉ ይጨልማል።

የምስሉ መንገድ

ሞኒተሩ ጤነኛ ከሆነ መንገዱን ይከተሉ። መጀመሪያ የሞኒተሩን ምርጫ ይዩ፤ ኬብሉ በኤችዲኤምአይ ገብቶ ሞኒተሩ ቪጂኤን እየጠበቀ ከሆነ እስከ ማታ ቢጠብቅ ምስል አይመጣም። ጎኑ ወይም ታቹ ላይ ባሉት ቁልፎች የሚገባበትን በር ይለውጡ።

ቀጥሎ ኬብሉ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ያለው ቪጂኤ 15 ቀዳዳ አለው፤ በውስጡ ያሉት መርፌዎች እያንዳንዳቸው ሥራ አላቸው። 1ኛው ቀይን፣ 2ኛው አረንጓዴን፣ 3ኛው ሰማያዊን ያመጣል። ስክሪኑ በሙሉ ቢጫ ቢጫ ካለ ሰማያዊው መርፌ ተጣሟል ወይም አልነካም ማለት ነው። 13ኛውና 14ኛው ምስሉን በመስመርና በገጽ የሚያሰልፉ ስለሆኑ እነሱ ከተቋረጡ ምስል አይኖርም። 9ኛው መርፌ ጭራሽ ባይኖር ግን አይደንግጡ፤ ብዙ ኬብሎች ያለ እሱ ነው የሚሠሩት። የተጣመመ መርፌ በጠባብ ጉጠት በቀስታ ሊቃና ይችላል።

በኬብሉ ውስጥ ምስል ብቻ አይደለም የሚሄደው። ሞኒተሩ ስሙንና የሚችለውን የምስል መጠን ለኮምፒውተሩ ይነግራል፤ ለዚህ የምታገለግለው ትንሽ የማንነት ማስታወሻ መሠረታዊ መጠኗ 128 ባይት ነው። ይህ ሰላምታ ከተደናቀፈ ኮምፒውተሩ ሞኒተር እንደሌለ ይቆጥራል። በተለይ በዲስፕሌይፖርት ከተገናኙ ሁለቱንም አጥፍቶ፣ የሞኒተሩን ገመድ ከግድግዳ ነቅሎ ለአንድ ደቂቃ ማቆየትና መልሶ መሰካት ብዙ ጊዜ ያስታርቃቸዋል።

ሲፒዩው ጀርባ ላይ ደግሞ ሁለት ቦታ የምስል በር ካለ ይጠንቀቁ። ከእናት ሰሌዳው ጋር የተያያዘው በር ላይኛው ሲሆን፣ ራሱን የቻለ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ዘወትር የሚያወጣው ከካርዱ በር ነው። ጽዳት ተደርጎ ሲመለስ ኬብሉን ወደ ላይኛው በር መሰካት የተለመደ ስህተት ነው።

ሲፒዩው ነቅቷል ወይ?

ይህን ለማወቅ ምስል አያስፈልግም። ኪቦርዱ ላይ ያለውን «ነም ሎክ» የተባለ ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ። ትንሿ መብራት ሲጫኑ ከበራች፣ እንደገና ሲጫኑ ከጠፋች ኮምፒውተሩ ነቅቷል፤ የቸገረው ምስሉን ማውጣቱ ነው። ዊንዶውስ ከሆነ የዊንዶውስ ቁልፍን ከኮንትሮል፣ ከሺፍትና ከቢ ፊደል ጋር አንድ ላይ መጫን የግራፊክሱን ሥራ እንደገና ያስጀምረዋል። «አውት ኦፍ ሬንጅ» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞኒተሩ ከሚችለው በላይ እየላከ ነው፤ በሴፍ ሞድ ገብቶ መጠኑን መቀነስ ይበቃል።

መብራቷ ካልተለወጠች ሲፒዩው ማራገቢያው እየዞረ እንኳ አልተነሳም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ራሙ፣ ማለትም እናት ሰሌዳው ላይ የሚሰካው የማስታወሻ ካርድ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ከሶኬት ይንቀሉት፤ የብረት ሳጥኑን ነክተው የሰውነትዎን የኤሌክትሪክ ሙላት ያራግፉ። ራሙን አውጥተው ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕና ደረቅ ላጲስ ይጥረጉ፤ ፍርፋሪውን አራግፈው ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ይመልሱት። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ ይፈትኑ። በዚች ላጲስ ብቻ የተነሱ ብዙ ኮምፒውተሮች አይቻለሁ።

የማይነካው

እስከዚህ የጻፍኩት ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው የሚችል ነው። የሞኒተሩን ጀርባ መክፈት ግን ሌላ ነው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው፤ በሞኒተሩ የኃይል ሰሌዳ ላይ ሲስተካከል ወደ 310 ቮልት ይጠጋል፤ ያ ኃይል ገመዱ ከተነቀለም በኋላ በትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ይቆያል። ሆደ ትልቁ የድሮ ሞኒተር (ሲአርቲ) ደግሞ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይይዛል። ለዚህ ሙያ ያለው ሰው ይጠራ፤ ስትጠሩት ግን «አልሠራ አለ» ብቻ አትበሉት። «ብቻውን ሲበራ ጽሑፍ አያሳይም፣ በስልክ መብራት ግን ምስል ይታያል» ብላችሁ ብትነግሩት የሥራውን እኩሌታ ሠርታችሁለታል።

አክስቴ ቤት ያደረግነው ይህንኑ ነው። ለዕለቱ የቤታቸውን ቴሌቪዥን አምጥተን በኤችዲኤምአይ ከሲፒዩው ጋር አገናኘነው፤ ፎልደሩ ሰፊው ስክሪን ላይ ተዘረጋ። ሞኒተሩን ባለሙያው ሲከፍተው ከኃይል ሰሌዳው ላይ ሁለት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ ተገኘ። አሮጌዎቹን አውልቆ በስታኞ አዲስ አሰረላቸው። እስከዚያው ተማሪዋ ከሰዓት በኋላ መጥታ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ የመጨረሻውን ገጽ አንብባ «እትዬ፣ ይታተም» አለች።